ሆድ ያባውን

ፕልዘን ከተማ ላይ፣ በጥር፣ በማለዳ፣
በአራት ቁጥር ትራም የመጣ እንግዳ
ቆርቆሮ አኖረልኝ ከመስኮቴ ደፍ ላይ፣
በገና ከረጢት ጠቅልሎ፣ እንዳይታይ።

የቀለም ቆርቆሮ ይመስላል ላየው ሰው፤
የሦስት ቀን ጉድ ነው ውስጡ የታሸገው።
በቀን መቶ ግራም ቅባት ብላ ተብሎ፣
ቅቤውን በሚዛን ቆርሶ አስተካክሎ፣
የበላውን ጽፎ፣ የወጣውን ይዞ፣
ሰባ ሁለት ሰዓት በኀፍረት ደንዝዞ።

«ቭላስቲሚል ነኝ» አለ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ፣
«ይቅርታ፣ ይሸታል»፣ ሻርፑን አፉ ላይ ጥሎ።
«ሥራዬ ነው» አልኩት።

ሥራዬም ነው። እናቴ «ሐኪም ናት» ትላለች፣
«ላብራቶሪ» ስላት ደም ታስባለች።
በስልክ ሞከርኩ አንዴ። ከየት ልጀምር?
«እማ፣ የምመዝነው...» ተቋረጠ መስመር።
ደግ አደረገ።

ክዳኑን ከፈትኩት፣ መስኮቱንም ጭምር።
ገርጥቷል፣ ያብለጨልጫል።
ጤነኛው ይሰምጣል ውኃ ላይ ሲጥሉት፣
ይኼ ግን ይዋልላል፣ እንደ ሾርባ ቅባት።
ከቀለም ፋብሪካ በተገዛ ማሽን
አሰርኩና ለቀቅሁት፤
ጸበል እንደነካው ተንዘፈዘፈ፣
እስኪዋሐድ ድረስ የሰኞው ከረቡዑ።

ቋንቋዬ ጨዋ ነው፣ «ዓይነ ምድር» አለው፣
የምድር ዓይን ብሎ በግዕዝ አለበሰው።
እኔም ጎንበስ አልኩ፣ በአጉሊ መነጽር
ዓይን ለዓይን ገጠምኩ ከዚያው ከዓይነ ምድር።
ሁለት ጠብታ አሲድ፣ አንድ ጠብታ ሱዳን፣
በመተማ በኩል የሚሄዱበትን አይደለም፣
ቀለም ነው፣ የቅባት አነፍናፊ ቀለም።
መስታወቱን በእሳት ለአፍታ አሞቅኩት፣
ሊፈላ ሲል አነሳሁት።

ያኔ ብቅ አሉ፣
ብርቱካናማ ጸሐዮች፣ ትንንሽ፣ ትልልቅ፣
ፕልዘን በጥር ወር ያላየችው ድምቅ።
ሃምሳ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

ከሰባት ግራም በታች ይላል ደንባችን፤
የሱ ሠላሳ አንድ። ደገምኩት። ሠላሳ አንድ።
ዝደንካ፣ አለቃዬ፣ መነጽሯን አውልቃ
«እየበላ የሚራብ» አለች፣ ሌላ አላከለችም።

እሱ ደግሞ አልሄደም ነበር።
ኮሪደሩ ላይ ኮፍያውን ጨብጦ
«ላየው እችላለሁ?» አለኝ፣ ድንገት ቆርጦ።
ክልክል ነው። አሳየሁት።
«ይኼ ሁሉ ቅቤ?»
«ከበላኸው ሲሶው።»
ሳቀ፣ ሳቁ ግን ጉሮሮው ላይ ቀረ።
«ሉድሚላ፣ ሚስቴ፣ ቀበቶዬ ላይ
አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ባየች ቁጥር
ሌላ ሴት አለችው ብላ ነበር።»

መጋቢት ላይ መጣ፣ በረዶው ሲቀልጥ።
ከአንጀቱ ቅንጣት ቆርሰው አይተው ኖሯል፤
ጸጉሩ ረግፏል አሉ፣ መላጣ ሆኗል።
ጠላቱም ታወቀ፦ ስንዴና ገብስ።
ሥራው ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የነገረኝ፣
ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ቢራ ፋብሪካው ጓሮ፣
ገብስ ማርጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማድረቅ፣
አቧራውን በአፍንጫ፣ ቢራውን በጉሮሮ።

«እኛ ጋ ተረት አለ» አልኩት፣ በተሰባበረ ቼክ፣
«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላል።
የሚጠጣን ሰው ነው፣ ምሥጢር ስለሚያፈስ።»
«ያባው» የሚለው ቃል ለመተርጎም አስቸገረ፤
«የደበቀው» አልኩ፣ አልጣመኝም፣ «የሸሸገው» አልኩ።
እሱ ዝም ብሎ የጃኬቱን እጅጌ አሸተተ፣
የገብስ ዱቄት አሁንም ስፌቱ ውስጥ አለ።
«አወጣው እንጂ» አለ በመጨረሻ፣
«ቅቤውንም ጭምር።»

ሲወጣ በሩን በቀስታ ዘጋው።
ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ቆርቆሮ ይጠብቃል፣
ትንሽ፣ የአራት ዓመት ልጅ ነው ባለቤቱ፣
ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ዳይኖሰር ተለጥፏል፣
ጭራው በመለያ ቁጥሩ ተሸፍኖ።
ቁጥሩን ለማንበብ
ጭራውን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አነሳሁት።